የሁዳዴ ቀማሽ

ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኤልሳቤት፤

ባለሽበት በባሕሬን፣ በማናማ የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። አባቴ፣ እናቴ፣ ትንሹ ወንድሜ ኤልቃናም ሳይቀር ሁላችንም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። የጎደለን አንቺን ማየት ብቻ ነው።

በቪዲዮ ስንደዋወል እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን ስለምትነጥቀኝ ሐሳቤን ጨርሼ ነግሬሽ አላውቅም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ወሰንኩ። አንቺም እንዲሁ ብታደርጊ ደስ ይለኛል፤ የእጅ ጽሑፍሽን ካየሁ ስንት ዘመኔ።

እንደምታውቂው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ረዳት ወጥ ሠሪ ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ረዳት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ጠዋት ድንች እልጣለሁ፣ ቀን ሽሮ አማስላለሁ፣ ማታ ድስት አጥባለሁ። ክንዴ ጠነከረ እንጂ ሙያ አልጨመርኩም። እኔ ደግሞ ወጥ መሥራት እወዳለሁ፤ ይህን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ይስቅብኛል።

አዲስ አበባ አንድ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት አለ። ስድስት ወር አስተምሮ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ማስታወቂያውን ከዚህ ጋር ፎቶ አንስቼዋለሁ። ክፍያው ከዩኒፎርሙና ከቢላዋው ጋር ስድሳ ሺህ ብር ነው። ዕቁብ ወጥቶልኝ ግማሹ በእጄ አለ። ምዝገባው ጥር ሃያ ያበቃል። «ትምህርት ከጀመርሽ እኔ አለሁልሽ» ያልሽኝን ስላልረሳሁ ነው የምደፍርሽ። ሰው ሩቅ ዘመድ ይበለን እንጂ አያቶቻችን ዱራሜ ላይ ከአንድ ማዕድ የበሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባቴ ይህን ሳያነሳ ውሎ አያድርም።

ምክርሽንም እጠብቃለሁ። ጌታ እጅሽን ይባርክ።

እህትሽ ሜሪ


ማናማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜሪ፤

የሠራዊት ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። ለአባትሽና ለእናትሽ ጉልበት ሳሚልኝ። ኤልቃናን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ነው።

ስድሳ ሺህ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምን ለመማር ነው? ሽንኩርት መላጥ ከሆነ አሁንም ደመወዝ እየተከፈለሽ ትልጫለሽ። እኔን እይኝ። ማዳም በመጀመሪያው ቀን የሩዙን ድስት አሳየችኝና ወጣች፤ ሩዝን በአረብኛ ምን እንደሚሉት እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ አርባ እንግዳ ቢመጣ ብቻዬን እወጣዋለሁ። ነጭ ኮት ያለበሰኝ፣ ረጅም ቆብ የደፋልኝ የለም። ቆቡ ነው እንዴ የሚያበስለው?

አልከለክልሽም። ግን ቆጥረሽ ግቢ። ትምህርት ቤቱን እንዳትጠይቂ፤ ዕቃዬ መጥፎ ነው የሚል ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተምረው የወጡትን ጠይቂ። ስንት ይከፈላቸዋል? ስንት ወር ሥራ ፈት ሆነው ተቀመጡ? ሳይማር የገባው አጠገባቸው ስንት ያገኛል? መልሱን ይዘሽልኝ ነይ፤ ያኔ ስለ ገንዘቡ እናወራለን። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።

ቡራዩ ከደረስሽ እማዬን እይልኝ። ጉልበቷ እንደገና እያመማት ነው።

ኤልሳቤት


ሰበታ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኤልሳቤት፤

ጌታ በአዲስ ጉልበት ይሙላሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንልሽ። ገናን በሰላም አሳለፍን። እንዳንቺ ያለ መካሪ ስለሰጠኝ አመሰገንኩ። እንዳልሽው ዞሬ ጠየቅኩ።

መጀመሪያ ቡራዩ ሄድኩ። ያቤጽን ታስታውሺው ይሆናል፣ የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች። ከዚያው ትምህርት ቤት ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ በርገር ቤት ድንች ይጠብሳል፤ ስድስት ሺህ ያገኛል። አጠገቡ ቦጂያ የሚባል ልጅ አለ፤ የትምህርት ቤቱን ደጅ አልረገጠም፤ ቀድሞ ስለገባ ብቻ ሰባት ሺህ ይከፈለዋል። ያቤጽ ሰርተፊኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍራሹ ሥር አስቀምጦታል። «አትግቢ» አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ብትገቢም አይከፋም» አለኝ።

ቀጥዬ ሱሉልታ ወጣሁ። እዚያ ትጊ አለች፤ ሰበታ ጎረቤታችን የነበሩት የጎንደሮቹ ነጋዴዎች ልጅ። ተመርቃ አንድ ሎጅ ኪችን ውስጥ ነው የምትሠራው። ዘጠኝ ሺህ፣ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ምግብና መኝታ። «የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀቱ ምንም አይጨምርልሽም» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ግን ወረቀት የሌለው እዚያው ቆሞ ይቀራል።»

ሂሳቡን ሠራሁት። ትምህርቱ የቀን ስለሆነ ክበቡን መልቀቅ አለብኝ፤ የሚቀርብኝ ደመወዝ ሲጨመርበት ወጪዬ ሰማንያ ሺህ ያልፋል። እንደ ያቤጽ ከሆንኩ ለመመለስ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። እንደ ትጊ ከሆንኩ ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ለየትኛው እንደምወጣ አላውቅም። እውነቱን ሁሉ ነው የጻፍኩልሽ፤ የሚጠቅመኝን ብቻ መርጬ አልላክሁም።

እናትሽን እትዬ ደመቀችንም አየኋቸው። ጉልበታቸው ይሻላል። ትጊ ያሳየችኝን የዶሮ ሾርባ ሠራሁላቸው፤ ሳህኑን ደገሙ። «ኤልሲ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ያለ ሾርባ አልቀመስኩም» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «ኧረ የሷም እንዲህ አልነበረም» አሉ። በጣም ሳቅን።

ምዝገባው ጥር ሃያ ነው። መልስሽን በጸሎት እጠብቃለሁ።

እህትሽ ሜሪ


ማናማ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሪ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሥራ በዝቶብኝ ነው የቆየሁት።

መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ሦስት ዓመት ለፍቶ የገዛ ገንዘብን መመለስ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ለጊዜው ተይው። እኔም የእማዬን ቤት ጣሪያ ላሳድስ ስለሆነ እጄ ላይ ምንም የለም። የሚቀጥለውን ዙር ጌታ ያውቃል።

እማዬ ባለፈው ዓርብ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሾርባሽ ነገረችኝ። ስለ ጉልበቷ ስጠይቃት ስለ ሾርባሽ ነው የምትመልሰው። ይህን ሁሉ ዓመት በየወሩ ስልክላት ስለ እኔ ለሰው እንዲህ አውርታ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። እኔ ከቤት ስወጣ እኮ ወጥ በወጉ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። የዛሬውን ምግቤን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችውም። በምን አመዛዝና ነው? ይህን ስታገኚያት ንገሪያት።

ጨው ደግሞ አታብዢባት፤ ግፊት አለባት።

ኤልሳቤት


ሱሉልታ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤልሳቤት፤

እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅሽ። ከላይ የጻፍኩትን የከተማ ስም አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ ሥራ ቀይሬ ነው።

ምዝገባው ሲያልፍ ክበቡ ውስጥ ድንቹን የምልጠው በንዴት ነበር፤ አለቃዬ «ልጣጩን ከነድንቹ ጣልሽው» አለችኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ትጊ ደወለች። «ጴንጤነትሽ እንደጸና ነው?» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሎጁ ወጥ ሠሪዎች ከሼፉ ጀምሮ ሁሉም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ይጾማሉ። እንግዳው ግን አይጾምም። ፈረንጅ አለ፣ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት የሚመጣ አለ። ስቴክ፣ ክሬም ያለበት ሶስ፣ በቅቤ ያበደ ክትፎ በየቀኑ ይወጣል፤ የሚሠሩት ሰዎች ግን አይቀምሱትም። ሃዋ የምትባል አንዲት ልጅ አለች፣ ሙስሊም ናት፤ እሷ የክርስቲያን ሥጋ አትነካም፤ አሁን ደግሞ ረመዳን ይዛለች። አምና በግምት ሲሠሩ አንዱ የጨመረውን ጨው ሌላው ሳያውቅ ደግሞበት ትልቅ የፈረንጆች ግብዣ ተበላሽቷል። ትጊ ዘንድሮ ለሼፍ ገብረየስ «እኔ የማውቃት የምትቀምስ ልጅ አለች» አለቻቸው። እኔም በምላሴ ተቀጠርኩ። ሰባት ሺህ፣ ምግብና መኝታ።

ሼፍ ገብረየስ ማንኪያውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ቀን «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» አልኩ። «ጥሩ ነው ብለሽኝ ምን ልጨምርበት? የጎደለውን ንገሪኝ» አሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ቀመስኩና «ሎሚ» አልኩ። ጨመሩ። ልክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሳልቀምሰው አንድ ሳህን ከኪችን አይወጣም። ዘበኛው ኦቦ ኢተፋ ሳይቀሩ ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ ቀማሿ?» እያሉ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል።

ኤልሲዬ፣ ደስ ብሎኛል። ምናልባት ትምህርት ቤቱም አያስፈልገኝ ይሆናል።

ባለፈው እሁድ እትዬ ደመቀች ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ጣሪያው አምና እንደታደሰ ነገሩኝ፤ ያምራል። ሌላ ነገር አላነሳሁም።

ሜሪ


ማናማ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሜሪ፤

ወር የምቆየዋ ሴትዮ ዛሬ በሦስተኛው ቀን ስጽፍልሽ ይገርምሽ። ካልጻፍኩት አንጀቴን ይበላኛል።

ቀናሁብሽ። በሌላ ስም ልጠራው ሞከርኩ፤ ምክር አልኩት፣ ስጋት አልኩት፣ አልሆነልኝም። እርር ድብን አልኩ።

እዚህም ረመዳን ነው። ማዳም ትጾማለች፣ ባሏ ባባም ይጾማል፣ ትልልቆቹ ልጆችም ይጾማሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ በዚህ ሰፊ ቤት ውስጥ ጨው የሚያውቅ ምላስ የኔ ብቻ ነው። ሩዙን እኔ እቀምሳለሁ፣ ሾርባውን እኔ፣ የሳምቡሳውን ሥጋ እኔ። ዘጠነኛ ረመዳኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሥራ ነው ብሎ የቆጠረው የለም። «ምን ጎደለው?» ብሎ የጠየቀኝም የለም፤ የጎደለውን ጨምሬ ዝም ነው።

ባለፈው ሳምንት ለኢፍጣር እንግዶች መጥተው አንዷ ሴትዮ ሀሪሱን፣ የስንዴና የሥጋ ገንፎውን፣ ማን እንደሠራው ጠየቀች። ማዳም «እኔ» አለች። ትሪውን ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። የሚያናድደኝ መዋሸቷ አይደለም። እንደዋሸች እንኳ አልታወቃትም፤ ድስቱም፣ እኔም የሷ ነን።

አንቺን ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ሼፍ ማንኪያ ይዞ ይለምንሻል። ዘበኛ በማዕረግ ይጠራሻል። የኔው እናት ሾርባሽን ታወድሳለች። እኔ ለዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን አንቺ በጾም ሰበብ አገኘሽው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ይልሳል ይባል የለ? ልሺ።

ስለ ጣሪያው ያልሽውን አይቻለሁ። በአንድ መስመር ብቻ አስቀምጠሽ ማለፍሽ አንቺም ቀላል እንዳልሆንሽ ነገረኝ። አዎ፣ ገንዘቡ ነበረኝ። ነጩን ኮት ለብሰሽ የምትልኪልኝ ፎቶ ገና ሳይነሳ ታየኝና እጄ ታሰረ።

ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም የገዛ ምላሱ ይመለስለታል። ያኔ ማን እንደሚፈልግሽ አያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እማዬ ቤት አትሂጂ። እኔ መጥቼ እስካበስልላት ድረስ የሌላ ሰው አትቅመስብኝ።

ኤልሳቤት


ሰበታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልሳቤት፤

ሰላም ነሽ? እኔ ሰበታ ተመልሻለሁ።

እንዳልሽው ሆነ። የፋሲካ ዕለት ኪችኑ ውስጥ ሁሉም ማንኪያ አንስቶ ይቀምስ ጀመር፤ እኔ ሳህን አቀብል ነበር። ማክሰኞ ሼፍ ገብረየስ ጠሩኝ። «ምላስሽን አውቀዋለሁ፤ ለባለቤቱ ግን ምላስ አላሳየውም። እሱ ሰርተፊኬት ነው የሚጠይቀኝ» አሉኝ። የሠራሁበትን ከፍለው አመስግነው ሸኙኝ። ክበቡ ውስጥ ቦታዬን አሰጋሽ የምትባል ልጅ ይዛዋለች፤ አሁን በቀን ሥራ ነው ድንች የምልጠው። ደስ ብሎሽ ይሆናል።

ማዳም «እኔ» ያለችበትን ሳነብ ላንቺ አለቀስኩልሽ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩብሽ። በኔ ላይ ያወጣሽውን ድምፅ ለሷ ምነው አላወጣሽውም? እኔ ምን ወሰድኩብሽ? ሾርባ ነው የሠራሁት።

እናትሽ ቤት አልሄድኩም። ሦስት ጊዜ ደውለው «ልጄ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» አሉኝ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ዋሸሁ። በአራተኛው ምን እንደምላቸው አንቺው ጻፊልኝ።

ሜሪ


ማናማ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜሪ፤

የሰላም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው፤ ቢሆንም ልጽፈው።

ለእማዬ ራሴ ደወልኩላት። «ሜሪን እንዳትመጣ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ቀንቼ ነው» አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ዛሬ ምን በላሽ?» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ምን በላሽ የምላት እኔ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁት። እባክሽ ሂጂላት።

ሌላው ነገር ያስቀይምሻል። ኮንትራቴ በነሐሴ መጨረሻ ያልቃል፤ አላሳድሰውም። ከማስታወቂያው ፎቶ ላይ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ወስጄ ጻፍኩላቸው። ለመስከረም ዙር ተመዝግቤ ከፍያለሁ። በራሴ ስም ነው። ላንቺም አብሬ ልክፈል ብዬ ሰነበትኩ፤ ዝግጅቱን ሁሉ ጨርሼ መጨረሻው ላይ አልቻልኩም። አትዘኚብኝ አልልሽም። እዘኚብኝ።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እዚህ በወር የማገኘውን እዚያ በያቤጽ ደመወዝ ለማግኘት ግማሽ ዓመት ይፈጅብኛል። ላንቺ አያዋጣም ያልኩት ለኔ ጭራሽ አያዋጣም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ከበሰለው ምግብ በአንዱም ላይ ኤልሳቤት ሠራችው አልተባለም። አንድ ወረቀት ላይ ይባልልኝ። ለዚያ ነው የምከፍለው።

ኤልሳቤት


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለኤልሳቤት፤

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደ ቤትሽ በሰላም ይመልስሽ።

ደብዳቤሽን ክበቡ ጓሮ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የተመዘገብሽበት ጋ ስደርስ ስልኩን ድንቹ መሃል ወረወርኩት። ቅናት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ ወር ሙሉ መልስ ያልጻፍኩልሽ ለዚያ ነው፤ ብጽፍ ኖሮ ክፉ እጽፍ ነበር። በወረቀት ላይ ስምሽ ሲጻፍ እኔ ድንች እየላጥኩ መሆኔ አሁንም ያንገበግበኛል።

ለፍልሰታ ሼፍ ገብረየስ «ለሁለት ሳምንት ነይልን» ብለው ደወሉ። አልመጣም አልኳቸው። ያንቺ ዘጠኝ ረመዳን ትዝ ብሎኝ ነው እምቢ ያልኩት። «ሼፍ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ግን ጾማችሁን ልቁጠርልዎ» አልኩ። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት፣ ነነዌ። «ግማሽ ዓመት አለፈ እኮ፤ በነዚያ ቀናት ሁሉ ምግባችሁን ማን ይቀምሳል?» ሼፉ ሳቁ፤ ስልኩን ዘጉ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ራሱ ደወለ። በቋሚነት፣ ያለ ሰርተፊኬት፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ። ከያቤጽ በአምስት መቶ በለጥኩ፤ ለሱ እንዳትነግሪው።

እትዬ ደመቀች ጋ ሄጃለሁ። እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና ሽንኩርት ሰጡኝ።

አሁን ልንገርሽ። ትምህርት ቤቱ በመጨረሻዎቹ ወራት ተማሪዎቹን ለልምምድ ወደ ሆቴል ይልካል። የኛ ሎጅም ይቀበላል፤ ትጊ ያለፈችው በዚሁ ነው። ከፈለግሽ ሼፉን እለምንልሻለሁ። ነጩን ኮትሽን ለብሰሽ ስትመጪ በሩ ላይ ቆሜ እቀበልሻለሁ፤ እንደምቀናብሽ ከፊቴ ታነቢዋለሽ፤ አልደብቅሽም። አንቺም አትደብቂኝ። በጾም ቀን ማንኪያውን መጀመሪያ ላንቺ እሰጥሻለሁ፤ ታላቄ ነሽ፣ ክብር ይገባሻል። ካንቺ ቀጥዬ እኔ እቀምሳለሁ። አንቺ ጨው ብለሽ እኔ ሎሚ ካልኩ ግን፣ በዚህ ኪችን የሚጨመረው ሎሚ ነው።

እህትሽ ሜሪ